እሌኒ የሚለው ስም ከወዴት መጣ?

(በሬዲዮ የተላለፈ ንግግር)



ስለ ስም አወጣጥ በሬዲዮ ከተናገርን ወዲህ ብዙ ደብዳቤ ደርሶናል። ከእነዚህም አንዱ ከሞጣ ከተማ የተጻፈ ሲሆን፤ ጸሐፊው መምህር ናቸው። ሴት ልጅ ተወልዳላቸው ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ ስለ መጠሪያ ስሟ በቤታቸው ውስጥ ክርክር ተነሥቷል። የቢቸና ተወላጅ የሆኑት እናታቸው፤ «እሌኒ ትባል፤ መስቀሉን ያስወጣችው እሌኒ መርጡለ ማርያምን የሠራችልን ንግሥት ናት፤ ከዚህ የበለጠ ስም ከወዴት ይገኛል?» ይላሉ። ባለቤታቸው ደግሞ፤ «እሌኒ የአሮጊት ስም ነው፤ ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ እንዳትሣቀቅ ሄለን ትባልልኝ» ይላሉ። መምህሩም በሁለቱ መካከል ሆነው፤ «ከእነዚህ ስሞች የአገራችን የትኛው ነው? የባዕድስ የትኛው ነው? ትርጓሜያቸውስ ምንድር ነው? ለእናቴም ለባለቤቴም የምመልሰው አጣሁ» ሲሉ ጠይቀዋል።

ይህ ነገር ከሩቅ ለሚሰማው ሰው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አያት የመረጡትን ስም «ያረጀ ነው» ብሎ መጣል ዕድሜያቸውንና ትዝታቸውን እንደ መጣል ይቈጠርባቸዋል። የወለደችይቱንም እናት አሳብ «የባዕድ ነው» ብሎ መናቅ እንዲሁ ልብን ያቀዘቅዛል። ልጅቱም የሚወጣላትን ስም ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው የምትኖር ናት። ስለዚህ ቅሬታ ከመግባቱ አስቀድሞ የስሙን ታሪክ ማወቅ ለሁሉም ወገን ይጠቅማል።

መልሱን አስቀድመን በአጭሩ እንናገርና ማስረጃውን በኋላ እናመጣለን። እሌኒና ሄለን ሁለት ስሞች አይደሉም፤ አንድ ስም ናቸው። ሥራቸውም የግሪክ ቋንቋ ነው። የሚለያዩት ወደ እኛ በመጡበት መንገድና በመጡበት ዘመን ብቻ ነው። በዚህ ንግግር የምንጠራቸው ዓመታት፤ ለይተን ካልተናገርን በቀር፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

በመጀመሪያ ትርጓሜውን እንይ። በጥንቱ የግሪክ ቋንቋ ይህ ስም «ሄሌኔ» ተብሎ ይነገር ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ በዓለም የታወቀውም ሆሜር ደረሰው በሚባለው «ኢልያድ» በተሰኘው ታላቅ ግጥም ነው። በዚያ ታሪክ ሄሌኔ የስፓርታ ንጉሥ የሜኔላዎስ ሚስት ስትሆን፤ በመልኳ ማማር ምክንያት ወደ ትሮያ ከተማ ተወሰደች፤ ስለ እርሷም ዐሥር ዓመት የፈጀ ጦርነት ሆነ ይባላል። እንግዲህ ስሙ በመጀመሪያ የታወቀው በቁንጅናና በጠብ ነበር ማለት ነው።

ስለ ቃሉ ፍቺ ሊቃውንት ሦስት ዓይነት አሳብ አቅርበዋል። አንደኞቹ «ሄሌኔ» ማለት ችቦ ማለት ነው ይላሉ። የጥንት የግሪክ ቃላትን ሰብስቦ የፈታው የእስክንድርያው ሄሲኪዮስ ቃሉን መብራት፤ ታስሮ የሚበራ ችቦ ብሎ ተርጉሞታል። ሁለተኞቹ፤ ይኸው ቃል ለጣዖቶቻቸው በዓል የተቀደሰ ዕቃ የሚያዝበት የተሠፋ መሶብ መጠሪያ ነበርና ከዚያ የወጣ ነው ይላሉ። ሦስተኞቹ ደግሞ በግሪክ ቋንቋ ጨረቃ «ሴሌኔ» ስለምትባል ስሙን ከጨረቃ ጋራ ያዛምዱታል። ይሁን እንጂ በስፓርታ አጠገብ በተገኘ እጅግ ጥንታዊ የነሐስ ዕቃ ላይ ስሙ «ወ» በሚመስል ድምፅ ጀምሮ ተጽፎ ስለ ተገኘ፤ የጨረቃው አሳብ ዛሬ ብዙ ደጋፊ የለውም። ከሦስቱ ሰፍቶ የሚነገረው የችቦው ፍቺ ነው።

አንባቢዎቻችን ይህን ሲያነቡ የመስቀል በዓል ትዝ ሳይላቸው አይቀርም። ስሙ ችቦ ማለት ሆኖ፤ በስሟ የምትታሰበው ንግሥት በዓልም በችቦና በደመራ ይከበራልና። ነገር ግን ከልክ እንዳናልፍ እንጠንቀቅ። እኛ በመስከረም ችቦ የምናበራው የግሪክን ቃል ፈትተን አይደለም። ንግሥቲቱ ደመራ አስደምራ ዕጣን አጢሳ የጢሱን አቅጣጫ ተከትላ መስቀሉ የተቀበረበትን ኮረብታ አገኘች የሚለውን የቤተ ክርስቲያናችንን ታሪክ ተከትለን ነው። የስሙና የሥርዓቱ መስማማት የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ሆኖም ለአንዲት ሕፃን ስም ሲወጣ ቢነገር ደስ የሚያሰኝ አጋጣሚ ነው።

አሁን ወደዚህችው ንግሥት እንለፍ። የታላቁ የቈስጠንጢኖስ እናት እሌኒ የተወለደችው በ250 ዓመተ ምሕረት ገደማ፤ በዛሬዪቱ ቱርክ ሰሜናዊ ምዕራብ በምትገኝ ድሬፓኖም በምትባል ትንሽ ከተማ ነው ይባላል። ልጇም ከነገሠ በኋላ ያችን ከተማ በእናቱ ስም ሄሌኖፖሊስ ብሎ ሰይሟታል። የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ እንደ ጻፈው፤ እሌኒ በወጣትነቷ መንገደኞች በሚያድሩበት ቤት የምታገለግል ሴት ነበረች። የዘር ክብር ያላት አልነበረችም። ልጇ ከፍ ባለ ጊዜ ግን የንግሥትነት ማዕርግ ተሰጣት፤ በ326 ገደማም በስተርጅናዋ ወደ ኢየሩሳሌም ተጓዘች።

የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ኤውሳብዮስ ስለዚህ ጉዞ ሲናገር፤ በቤተ ልሔምና በደብረ ዘይት ቤተ ክርስቲያን እንዳሠራች፤ ለድሆችም እጇን እንደ ዘረጋች ይመሰክራል። መስቀሉን ያገኘች እርሷ መሆኗን በጽሑፍ ካስተላለፉልን ሰዎች ቀደምት የሆነው ደግሞ ከላይ ስሙን የጠራነው አምብሮስዮስ ሲሆን፤ ይህን የተናገረው በ395 ነው። በአገራችንም ስንክሳር መታሰቢያዋ በየዓመቱ ግንቦት 9 ቀን ይነበባል። ከእርሷ በኋላ ክርስቲያኖች ልጆቻቸውን በዚህ ስም ሲጠሩ የትሮያዋን ሴት አስበው አይደለም። የቀድሞዋ ባለ ስም ስሙን ከጠብ ጋራ ስታገናኘው፤ የኋለኛዪቱ ከመስቀልና ከምጽዋት ጋራ አገናኘችው።

ስሙ ከግሪክ ምድር ተነሥቶ በሁለት መንገድ ተጉዟል። አንደኛው መንገድ ወደ ምዕራብ ነው። ሮማውያን በላቲን «ሄሌና» አሉት፤ በመጀመሪያው ላይ ያለውንም የ«ሀ» ድምፅ በጽሕፈት ጠበቁት። ከላቲን ፈረንሳውያን ወሰዱት፤ እንግሊዞችም መጨረሻውን ቈርጠው «ሄለን» አሉት። ይህ አጠራር ወደ አገራችን የገባው በቅርብ ዘመን ከዘመናዊ ትምህርት ቤት፤ ከውጭ አገር መጻሕፍትና ከፊልም ጋራ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ደቡብ ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ ባሉት መጀመሪያ መቶ ዓመታት ግሪኮች ራሳቸው አነጋገራቸውን ለውጠው ነበር። የ«ሀ»ን ድምፅ ተዉት፤ «ኤታ» የሚባለውንም ፊደላቸውን ቀድሞ «ኤ» ይሉት የነበረውን «ኢ» ማለት ጀመሩ። በዚህ ለውጥ «ሄሌኔ» የነበረው «ኤሌኒ» ሆነ። ዛሬም አቴና ከተማ የሚኖር ግሪካዊ ልጁን የሚጠራት «ኤሌኒ» ብሎ ነው። የእኛም ሊቃውንት በግዕዝ «እሌኒ» ብለው የጻፉት ይህንኑ አጠራር ተከትለው ነው። ዐረቦች ስሙን «ሂላና» ይሉታልና፤ የግዕዙ አጠራር የግሪኩን እንጂ የዐረቡን እንዳልተከተለ ከመጨረሻ ፊደሉ ይታወቃል። ይህን የመሰለ ሌላ ምስክር የሚፈልግ ሰው «ጰራቅሊጦስ» የሚለውን ቃል ይመልከት። በዚህም ቃል ውስጥ «ሊ» ብለን የምናነበው በግሪኩ ያው «ኤታ» የሚባለው ፊደል ነው።

ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። የአክሱም ነገሥታት በገንዘባቸው ላይ በግሪክ ፊደል ያስጽፉ ነበር፤ ንጉሥ ዒዛናም የድል ታሪኩን በግዕዝና በግሪክ ቋንቋ በድንጋይ አስቀርጿል። መጻሕፍት ቅዱሳትም ወደ ግዕዝ የተተረጐሙት ከግሪክ ነው። ስለዚህ የሞጣው መምህር እናት «እሌኒ» ሲሉ የሚናገሩት ስም ለዛሬው ግሪክ ጆሮ «ሄለን» ከሚለው ይልቅ የቀረበ ነው። «ሄለን» የሚለውም በፈንታው ግሪኮች የጣሉትን ጥንታዊ የ«ሀ» ድምፅ ይዞ ቀርቷልና እርሱም የሚናቅ አይደለም።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፤ «የግሪክ ስም ከቢቸናና ከሞጣ ገበሬ ጋራ ምን ያገናኘዋል?» ይል ይሆናል። የምሥራቅ ጎጃም ሰው ግን ሳያውቀው በየቀኑ በግሪክ ቃል ይነጋገራል። በሞጣ የሞጣ ጊዮርጊስ፤ በቢቸና አጠገብም በሊቃውንቱ የታወቀው ዲማ ጊዮርጊስ አለ። ጊዮርጊስ የሚለው ስም በግሪክ ቋንቋ ገበሬ ማለት ነው፤ ምድርን የሚሠራ ማለት ነውና። ቴዎድሮስ የአምላክ ስጦታ፤ እስጢፋኖስ አክሊል፤ ጴጥሮስ ዐለት፤ ሶፍያም ጥበብ ማለት ነው። ወንጌል የሚለውም ቃል የግሪክ ሲሆን ፍቺው የምሥራች ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በአገራችን አቈጣጠር በ1958 ዓ. ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ በዲማ ያሳደጓት ልጅ ስሟ ሰብለ ወንጌል ነው። ይህም እኩሌታው የግዕዝ፤ እኩሌታው የግሪክ ሆኖ የወንጌል አዝመራ ማለት ነው። እንግዲህ እነዚህን ስሞች የባዕድ ናቸው የሚል ሰው ካልተገኘ፤ እሌኒንም የባዕድ ነው ለማለት አይቻልም።

ይሁን እንጂ የመምህሩ እናት ከተናገሩት ቃል አንዱን ማቅናት ይገባናል። መስቀሉን ያስወጣችው እሌኒና መርጡለ ማርያምን ያሠራችው እሌኒ አንዲት ሴት አይደሉም። በሁለቱ መካከል አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዓመት ያህል አለ። የፊተኛዪቱ በ330 ገደማ ያረፈች የሮም ንግሥት ናት። የኋለኛዪቱ ግን የእኛው ንግሥት እሌኒ ናት። ስማቸው አንድ በመሆኑ ታሪካቸውን ማቀላቀል በብዙ ቦታ የሚሰማ ነው፤ ሲቀላቀልም የሚጐዳው የእኛዪቱ ንግሥት ታሪክ ነው፤ ሥራዋ ለሌላ ይሰጥባታልና።

ንግሥት እሌኒ የሐድያ ገዥ የነበረው የእስላሙ የገራድ መሐመድ ልጅ ናት። ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆና በቤተ መንግሥት የቀኝ ንግሥት ተባለች። እሌኒ የሚለው ስም ክርስቲያን ሆና የተጠራችበት መሆኑን ከትውልዷ መረዳት ይቻላል። ዐፄ በእደ ማርያም በነገሠም ጊዜ እንደ እናቱ አከበራት። ዜና መዋዕሉ ሲያመሰግናት፤ በሃይማኖቷ የጸናች፤ መጻሕፍትን ያወቀች፤ በሕግና በመንግሥት ነገር የበሰለች፤ ማዕድ በማዘጋጀትም የተመሰገነች ነበረች ይላል። ከዚያ በኋላ ነገሥታት ቢለዋወጡም የእርሷ ምክር አልተለየም።

በ1508 ዐፄ ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳለ በነገሠ ጊዜ መንግሥቱን የምትጠብቅ እርሷ ሆነች። ከእስላም ጎረቤቶች ጋራ ሰላምና ንግድ እንዲጸና ትፈልግ ነበር፤ ትውልዷም ለዚህ ይረዳት ነበር። ሆኖም በቀይ ባሕር በኩል የሚመጣውን ኃይል አስቀድማ ስላየች፤ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ደብዳቤዋን ይዞ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ እንዲሄድ ላከችው። ማቴዎስም በህንድ በኩል ዞሮ በ1514 ሊዝበን ገባ። ፖርቱጋሎችም የላከችውን ንግሥት በመጻሕፍታቸው «ሄሌና» ብለው ጻፏት። ልብ በሉ፤ በአክሱም በኩል ወደ ደቡብ የተጓዘው «እሌኒ» እና በሮም በኩል ወደ ምዕራብ የተጓዘው «ሄሌና» በዚህች ንግሥት ላይ ተገናኙ።

ንግሥት እሌኒ በጎጃም ሰፊ ርስት ነበራት። በዚያም በአባይ ወንዝ ወዲህ፤ ከቢቸናና ከሞጣ መንገድ በስተምሥራቅ በእነብሴ አገር የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሳምራ አሠራች። ቦታው ከአብርሃና ከአጽብሐ ዘመን ጀምሮ የተቀደሰ መሆኑን የአገሩ ትውፊት ይናገራል፤ ስሙንም ሊቃውንት የማርያም አዳራሽ ብለው ይፈቱታል። እርሷ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን በዚያው መቶ ዓመት በሆነው ጦርነት ተዘረፈ፤ ፈረሰም። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት በፍርስራሹ ላይ ሌላ ሕንፃ ሠሩ። ቻርልስ ቢክ የሚባል እንግሊዛዊ መንገደኛም የቀረውን የተቀረጸ ድንጋይ አይቶ መግለጫውን በ1847 አሳተመ።

ንግሥቲቱ ያረፈችው በ1522 ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ በአገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደ ጻፈው፤ ኀዘኑ ታላቅ ነበር፤ ትልቁም ትንሹም አባትና እናቱን እንዳጣ ሰው ያለቅስላት ነበር። በ1529 የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ሆነ፤ እርሷ ልትጠብቀው የደከመችለት ሰላምም ፈረሰ።

እንግዲህ ወደ ጠያቂያችን እንመለስ። ለእናትዎ እንዲህ ይበሉ፦ «የመረጡት ስም ከግሪክ መጥቶ በግዕዝ የኖረ ነው፤ የመርጡለ ማርያሟም እሌኒ የሐድያ ተወላጅ የሆነች የራሳችን ንግሥት ናት፤ ክብሯ በዚህ ይበልጣል እንጂ አያንስም።» ለባለቤትዎም እንዲህ ይበሉ፦ «የፈለግሽው ስምና እናቴ የፈለጉት ስም አንድ ነው። የአሮጊት ስም ነው እንዳትዪ፤ በ2008 ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ያቋቋሙትና በመጀመሪያ የመሩት የዘመናችን ምሁር ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ይባላሉ።»

ምክር እንድንሰጥ ከተጠየቅን ግን እኛ እሌኒ እንድትባል እንመርጣለን። ምክንያታችንም ሌላ አይደለም። ሄለን የምትባል ልጅ ስለ ስሟ ብትጠየቅ ወደ ሩቅ አገር ታመለክታለች፤ በሞጣ ያደገች እሌኒ ግን የስሟን ባለቤት ሥራ በእግሯ ሄዳ ልታየው ትችላለች። ሆኖም ወላጆች ከሁለቱ አንዱን ከመረጡ በኋላ በዚያው ይጽኑ። አንዲት ልጅ በልደት ምስክር ወረቀቷ እሌኒ፤ በትምህርት ቤት መዝገብ ሄለን፤ በሌላው ወረቀት ደግሞ ኤሌኒ ተብላ ከተጻፈች፤ አድጋ ሥራ ወይም የውጭ አገር ትምህርት በምትጠይቅበት ጊዜ ሦስቱ ሰዎች አንዲት ሴት መሆናቸውን ማስረዳት ያስቸግራታል። በባዕድ ፊደልም ሲጻፍ እንዲሁ አንዱን አጻጻፍ ይዞ እርሱኑ መከተል ይገባል።

በሚመጣው ሳምንት ከዚሁ ከግሪክ ቋንቋ የመጣውን ሶፍያ የሚለውን ስም እንመለከታለን። እስከዚያው ድረስ ደኅና ሰንብቱ።